አንካራ የምትሄድበት መንገድ

በማደግ ላይ ያሉ የቀጣና ኃይሎች የውጭና የደኅንነት ፖሊሲያቸውን እንዴት እንደሚቀርጹ ሳስብ ቀድማ የምትታወሰኝ ቱርክ ናት። አሕመት ዳቩቶግሉ እ.ኤ.አ. በ2009 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሲሆኑ የሚያራምዱት መርሕ «ከጎረቤቶች ጋር ዜሮ ችግር» የሚል ነበር፤ የሶርያ ጦርነት ግን ይህን ውጥን ብዙም ሳይቆይ አፈረሰው። ከ2016ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ውሳኔው ይበልጥ በፕሬዚዳንቱ ዙሪያ ተሰበሰበ፤ ጦሩም በዚያው ዓመት ወደ ሰሜን ሶርያ ዘለቀ።

እኔን ይበልጥ የሚያስገርመኝ ከኔቶ ሳትወጣ ከሩሲያ ጋር የምትደራደርበት ስልት ነው። ከ1952 ጀምሮ የኔቶ አባል የሆነችው አገር በ2019 ኤስ-400 የተባለውን የሩሲያ አየር መከላከያ ስትረከብ፣ አሜሪካ ከኤፍ-35 ተዋጊ ጄት መርሐ ግብር አስወጣቻት፤ ቅጣቱ ቀላል ባይሆንም የጦር መሣሪያን በራሷ ለማምረት የነበራትን እልህ ያባባሰው ይመስለኛል። በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር ደግሞ የመተላለፊያዎቿን አጠቃቀም የሚደነግገውን የ1936ቱን የሞንትሮ ስምምነት ተመርኩዛ የባሕር መተላለፊያዎቿን ለተፋላሚዎቹ የጦር መርከቦች የዘጋች ሲሆን፣ ባይራክታር ድሮኖቿ በዩክሬን እጅ እየተዋጉ ሳለ ከተባበሩት መንግሥታት ጋር የዩክሬን እህል በጥቁር ባሕር እንዲወጣ የሚፈቅደውን ስምምነት ኢስታንቡል ላይ አስፈረመች።

በአፍሪካ ቀንድም በ2017 ሞቃዲሾ ላይ የጦር ማሠልጠኛ ከፍታለች፤ በታኅሣሥ 2024 የኢትዮጵያንና የሶማሊያን መሪዎች ያቀራረበችው አንካራ፣ አሸማጋይም ባለጥቅምም ሆና ነው።