ሐረጎን ወርደው የሚገዟት ክኒን

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። የስንፈተ ወሲብ መድኃኒት የሚፈልግ ወንድ በሰፈሩ አይገዛም። የኮምቦልቻው በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ወጥቶ እኛ ጋ ይመጣል፣ የደሴው ደግሞ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ይገዛል። መንገድ ላይ ሳይተላለፉ አይቀሩም። እኛ ጋ የደረሰውም ቢሆን መጀመሪያ ፓራሲታሞል ይጠይቃል፣ ቀጥሎ ቫዝሊን፣ ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ የጥርስ ሳሙና ያገላብጣል፣ መጨረሻ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያቺ ነገር አለች?» ይለኛል።

አለች። ግን የሐኪም ወረቀትህስ? እዚህ ላይ ነው ፊት የሚቀያየረው።

ያቺ ነገር የሚሏት ሲልደናፊል ናት፤ ቪያግራ በሚለው ስሟ ነው ሰው የሚያውቃት። ፋይዘር መጀመሪያ የሞከራት ለልብ ውጋት ነበር። ለልቡ ብዙም አልሆነችም፣ ለሌላው ግን ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደችና ዓለምን አዳረሰች። ሥራዋ ደም ወደ ብልት የሚያስገቡትን የደም ሥሮች ማላላት ነው፣ በቃ። ፍላጎት አትፈጥርም። ውጧት ኳስ እያየ የሚጠብቅ ሰው ምንም አይመጣለትም። ከግንኙነቱ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ትወሰዳለች፣ ለ4 ሰዓት ገደማ ትሠራለች። ጮማ በልተህ ከዋጥካት ደግሞ ትዘገያለች፤ ክትፎውን ጥርግ አድርጎ በልቶ በማግስቱ «ፎርጅድ ነው የሸጥክልኝ» ብሎ የተጣላኝ ሰው አለ። ታዳላፊል የሚባለው ዘመዷ እስከ 36 ሰዓት ይቆያል፣ ምግብም እንደሷ አያስቸግረውም።

አንድ ቀን አንድ ትልቅ ሰው መጡ። ብር ሊያወጡ ኪሳቸው ሲገቡ የአይሶሶርባይድ ዳይናይትሬት (የልብ መድኃኒት) ስትሪፕ አብሮ ወጣ፣ ግማሹ ተበልቷል።

«ጋሼ፣ ይሄ የማን ነው?»

«የኔ ነዋ። ደረቴን ሲወጋኝ ምላሴ ሥር አደርጋታለሁ።»

«እንግዲያው ይቺን አልሸጥልዎትም።»

ተቆጡ። «ልጅ ነህ፣ ምን ታውቃለህ» አሉኝ። አልፈርድባቸውም፣ እስኪናገሩ ስንቴ እንዳላባቸው አይቻለሁ። ግን ናይትሬት የሚባሉት የልብ መድኃኒቶችና ሲልደናፊል ከተገናኙ የደም ግፊት ድንገት ያሽቆለቁላል፣ ሰው ሊሞት ይችላል። ታዳላፊልም ያው ነው። ክኒኗን ወስደህ ደረትህን ከወጋህና ሆስፒታል ከሄድክ ደግሞ አትፈር፣ መውሰድህን ለሐኪሙ ንገረው። በምሥጢር የሚገዛ ሰው ይሄን የሚነግረው የለም። በየሱቁ «ለወንዶች» ተብሎ የሚሸጠው ማርና ዱቄትማ የባሰ ነው። «ንጹሕ የተፈጥሮ» ከተባሉት ብዙዎቹ ሲመረመሩ ውስጣቸው ያልተጻፈ ሲልደናፊል ወይም ታዳላፊል ተገኝቶባቸዋል፣ ያውም መጠኑ በማይታወቅ።

እኔን የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ክኒኗን ፈልጎ የመጣው ሰው ለምን እንደታመመ አይጠይቅም። የብልት ደም ሥር ከልብ ደም ሥር ይጠባል። ስለዚህ ሥሩ መጥበብና መደፈን ሲጀምር ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታወቀው እዚያ ነው፣ ልብ ገና ሳያሳምም። ስኳር ሥሩንም ነርቩንም ይጎዳል። ግፊት፣ ሲጋራ፣ ውፍረት እንዲሁ። ዕድሜው አርባ አለፍ ብሎ ነገሩ ቀስ በቀስ እየደከመ የመጣ ሰው ጤና ጣቢያ ገብቶ ግፊቱን ቢለካና በባዶ ሆዱ ስኳሩን ቢታይ፣ ስኳሩ 126 ሚሊግራም በዴሲሊትር እና ከዚያ በላይ (የስኳር በሽታ ደረጃ) ሆኖ ቢያገኘው፣ ክኒን ሊገዛ ወጥቶ ሕይወቱን አተረፈ ማለት ነው። አንዳንድ የግፊት መድኃኒትም፣ በተለይ ሽንት የሚያበዛው፣ ነገሩን ሊያዳክም ይችላል። ያኔ ሐኪሙ ይቀይርልሃል፤ በራስህ እንዳታቋርጥ ብቻ።

ወጣቶቹ ሌላ ናቸው። ጠዋት ሲነሳ ቆሞ የሚያገኘው ልጅ፣ ማታ ከሚስቱ ጋር ሲሆን እምቢ ካለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ጭንቀት ነው። አንዴ እምቢ አለው፣ ሁለተኛ ጊዜ «እንደዛኛው ቢሆንስ» ብሎ ፈራ፣ ፍርሃቱ ራሱ ያዘው። እሱ የሚያስፈልገው የሚያማክረው ሰው ነው። ከሰዓቱን ሙሉ በርጫ ላይ ተቀምጦ፣ ማታ በጨብሲ አብርዶ፣ እንቅልፍ ሳያገኝ ቀኑን የሚጀምረውንማ ምን ልበለው? ጫቱ ግፊትና የልብ ምት ይጨምራል፣ መጠጡ ያደክማል፣ ክኒን ሲጨመርበት ደግሞ አስቡት።

ክኒን ያልሠራለት ሰውም አለቀለት ማለት አይደለም። የቴስቶስትሮን ሆርሞን በደም ምርመራ ዝቅ ብሎ ከተገኘ እሱ ይታከማል (ሳይመረመሩ መወጋት ግን የለም)። ደም ስቦ የሚያስገባ ፓምፕ አለ፣ ብልት ላይ የሚወጋ መርፌ አለ፣ መጨረሻ ላይ በቀዶ ሕክምና የሚገባ ነገርም አለ። ይሄን የሚወስነው ዩሮሎጂስት (የሽንት ቧንቧና የወንድ ብልት ሐኪም) ነው፣ እኔ አይደለሁም። በክኒኑም በመርፌውም ከ4 ሰዓት በላይ አልወርድ ካለ ግን ሳትውል ሳታድር ድንገተኛ ክፍል።

ሚስቶች ይሻላሉ። ወንዱ ዝም ሲል እሷ «ሌላ ለምዶ ነው» ብላ ስታኮርፍ የከረመች አንዲት እህት፣ ነገሩ ሲገባት ባሏን እጁን ይዛ መጣች። እሱ የውጭ በሩን ያያል። እሷ የሚወስደውን የስኳርና የግፊት መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛ ባንኮኒው ላይ ዘረገፈችውና «ከነዚህ ጋር ይስማማል?» አለችኝ። አንድ በአንድ አየሁት። ናይትሬት የለበትም። ሐኪሙ ጋ ሄደው ባለ 50 ሚሊግራም አስጽፈው ተመለሱ።