መጀመሪያ ያየሁት ጥለቱን ነው

ባለፈው ክረምት ክሪታ በተባለው የኮምፒውተር መሣያ ፕሮግራም የሠራሁትን አንድ ሥዕል ለአምስት ሠዓሊ ወዳጆቼ በቴሌግራም ላክሁላቸው። አክስቴ ቡና ስትቀዳ የሚያሳይ ሲሆን፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ የደከምሁበት ነበር። አራቱ ወዲያው «አሪፍ ነው»፣ «እጅህ ይባረክ» አሉኝ። ደስ አለኝ፤ በማግስቱ ፋይሉን ስከፍተው ግን ምኑን ማሻሻል እንዳለብኝ ከትናንቱ የበለጠ የማውቀው ነገር አልነበረም።

አምስተኛው፣ ዕድሜያቸውን በዘይት ቀለም ያሳለፉና በቅርቡ ወደ ታብሌት የመጡ ታላቅ ወዳጄ፣ ከሁለት ቀን በኋላ «መጀመሪያ ያየሁት የነጠላዋን ጥለት ነው፤ እንዲታይ የፈለግኸው እርሱን ነው?» ብለው ጻፉልኝ። አልነበረም፤ እንዲታይልኝ የፈለግሁት ፊቷን ነበር። ሥዕሉን ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጬ ሳየው ጥፋቴ ተገለጠልኝ። የፊቷ ጠይምነትና ከኋላዋ ያለው ግድግዳ በጥቁረት መጠናቸው እኩል ስለሆኑ ተዋሕደው ጠፍተዋል፤ ነጩ ነጠላ ከጠቆረው ጥለት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ግን ብቻውን ያበራል፤ ዐይን ደግሞ ብርሃንና ጨለማ ወደሚፋጠጡበት ይቀድማል። ግራውን ወደ ቀኝ ባገላብጠው ሌላ ጉድ ወጣ፤ አክስቴ ከነበርጩማዋ ወደ ጎን ልትወድቅ ደርሳለች። በየቀኑ ስመለከተው ስለለመድሁት ሳላስተውለው ቆይቻለሁ።

ከዚያ ወዲህ ሂስ ስጠይቅ «እንዴት ነው?» ማለትን ትቼ «መጀመሪያ ምን አየህ?» እላለሁ። «እንዴት ነው?» ለሚለው ጥያቄ ይሉኝታ ቶሎ ይደርስለታል፤ ያየውን ብቻ የተጠየቀ ሰው ግን ማንንም ሳያስቀይም እውነቱን መናገር ይችላል። ጥያቄው ንድፉ ገና ሻካራ ሳለ ቢቀርብ ደግሞ ይሻላል፤ ሥራው ካለቀ በኋላ የሚመጣ ትክክለኛ አስተያየት እንኳ እንደ ስድብ ይሰማል፤ ቢያንስ ለእኔ እንዲያ ነው።

አንዳንዱ አስተያየት ግን ስለ ሥዕሉ ሳይሆን ስለ ስክሪኑ ሆኖ ይገኛል። አንዱ ወዳጄ «ሰውነቷ ሰማያዊ ሆኗል» ሲለኝ ተቆጥቼ «አሠራሬ ነው» አልሁት። ለካስ ማታ ስሠራ የምሽት ማጣሪያው በርቶ ስክሪኑ ወደ ቢጫ ስላደላ፣ ያንን ለማካካስ ሳላውቀው ቀዝቃዛ ቀለም ስመርጥ ከርሜያለሁ። ይቅርታ ጠየቅሁት። (ቴሌግራም ፎቶ ሆኖ የተላከውን ስለሚያሳንሰው ሥዕላችሁን ፋይል አድርጋችሁ ላኩ፤ የጠፋ መስመር ተብሎ የሚወቀስ ብዙ ነገር በመንገድ ላይ የጠፋ ነው።)

ሂስ በመስጠት በኩል ከዚህ የከፋ አድርጌያለሁ። አንዲት ጀማሪ እኅታችን የላከችውን የቁም ሥዕል ሳትጠይቀኝ አውርጄ፣ አንገቱንና ትከሻውን በላዩ ላይ በቀይ መስመር አርሜ፣ ሁሉም በሚያየው መልእክት መለስሁላት። እርማቱ ትክክል ነበር፤ እርሷ ግን ለሁለት ወር ያህል ምንም አላጋራችንም። በሰው ሥራ ላይ መሣል በሸራ ቢሆን ዋናውን ራሱን መንካት ነው፤ በዲጂታል ሥዕል ሌየር (በሥዕሉ ላይ የሚደረብ፣ ለብቻው የሚነሣ ንብርብር) ስላለና ዋናው ስለማይበላሽ ብቻ ቀላል ነገር አድርገነዋል። አሁን አስቀድሜ ፈቃድ እጠይቃለሁ፤ ከተፈቀደልኝም የሣልሁትን በተለየ ሌየር ለብቻዋ እልክላታለሁ።

የቡናውን ሥዕል በተመለከተ ያልተቀበልሁት አስተያየት አንድ ብቻ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያደገ ወዳጄ፣ አክስቴ በጎን መሣሏ እንደሚከብደው ነገረኝ፤ በጥንቱ ሥርዓት ቅዱሳን በሁለት ዐይን ሲሣሉ፣ በአንድ ዐይን በጎን የሚሣሉት እንደ ይሁዳ ያሉት ናቸውና። ይህን የውጭ አገር የሥዕል ማስተማሪያ ቪዲዮ አይነግረኝም፤ አመሰገንሁት። ሆኖም ቡና የሚቀዳ ሰው ሲኒውን እንጂ ተመልካቹን አያይም። ግድግዳውን አፈካሁት፣ ጥለቱን አደበዘዝሁት፣ በርጩማውንም አስተካከልሁ፤ ፊቷን ግን እንደነበረ ተውሁት። እርሱም እስከ ዛሬ አልተዋጠለትም።