አዙሪት

ትናንት ጮቄ ሥር፣ አባባ ቤት ነበርኩ። አንዷ በግ ሁለት ሳምንት ሙሉ ወደ ግራ ብቻ ስትዞር ሰንብታለች። «አዙሪት ነው ልጄ» አሉኝ። ስሙን አገር ያውቀዋል። ከምን እንደሚመጣ ግን የነገረን አልነበረም።

እንደማትድን ሲያዩ አረዷት። የእንስሳት ሐኪሟ ጭንቅላቷን በፋስ ከፍታ አሳየችን። አንጎሏ ላይ፣ በግራ በኩል፣ የዶሮ እንቁላል የሚያህል ውሃ የቋጠረ ከረጢት አለ። በጣም ስስ ነው፤ ወደ ብርሃን ሲይዙት ከኋላው ጣቷ ይታያል። ግድግዳው ላይ ነጫጭ ነጥቦች እዚህም እዚያም ተሰብስበዋል፣ ጤፍ የተበተነበት ይመስላል።

«እያንዳንዷ ነጥብ የኮሶ ትል ራስ ናት» አለች። ሃምሳ ስደርስ መቁጠሬን ተውኩት።

ትሉ የሚያድገው ውሻ አንጀት ውስጥ ነው። እንቁላሉ ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ሣር ላይ ይወድቃል፣ በግ ትግጠዋለች፣ ከዚያ በደም አንጎል ይደርሳል። ውሻ ያንን ጭንቅላት ከበላ እንደገና ይጀመራል። እኛ ቤት ደግሞ የታመመ በግ ጭንቅላት ሁሌም ለውሻ ነው የሚጣለው። ስንቱን በግ በገዛ እጃችን ጨረስነው!

ውሻችን በሩ ላይ ጭራውን እየቆላ ይጠብቃል። አባባ ምንም አላሉም። ዶማቸውን አንስተው ወደ ጓሮ ሄዱና እስከ ጉልበታቸው ቆፈሩ።