«አረፈ» ስንት ቃል ነው?

አውሮፕላኑ ባሕር ዳር አረፈ። ታንኳ ቀዛፊው ዛፍ ጥላ ሥር አረፈ። የገዳሙ አባት አረፉ። መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ሰው እዚህ ላይ መወሰን አለበት፦ ሦስት ፍቺ ያለው አንድ ቃል ነው ወይስ ድምፃቸው የገጠመ ሦስት ቃላት? በግምት መመለስ አያዋጣም፤ መፈተኛ አለው።

መጀመሪያ ሁለቱን ባለቤቶች በአንድ ግሥ ማጣመር ነው። «አውሮፕላኑና ወፏ አረፉ» ቢባል ማንንም አይቆረቁረውም። «አውሮፕላኑና የገዳሙ አባት አረፉ» ሲባል ግን ሰሚው ወይ ይስቃል ወይ ይቆጣል። ስለዚህ ወፍና አውሮፕላን አንድ ፍቺ ይጋራሉ፣ አባትየው ሌላ። ዛፍ ሥር የተቀመጠውን ቀዛፊና ያረፉትን አባት በአንድ «አረፉ» ማጣመርም እንዲሁ አይሆንም። ቀጥሎ ተቃራኒውን ይፈልጉ። ለአውሮፕላኑ «ተነሣ» ነው፤ ለአባትየው «ተነሡ» ካልን ግን ትንሣኤ ሙታን ሆነ ማለት ነው። ከዚያ ከግሡ የሚወጡትን ስሞች ይመልከቱ። «ዕረፍት» ለቀዛፊውም ለአባትየውም ይሆናል፤ «የአውሮፕላኑ ዕረፍት» ግን አይባልም። አውሮፕላኑ የሚቀበለው «ማረፊያ»ን ነው። (የፖሊስ ጣቢያውን ክፍል «ማረፊያ ቤት» ያለው ሰው ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ።)

ስለዚህ ፍቺዎቹ ሦስት ናቸው። ሆኖም ሁሉም ጉዞን ወይም ድካምን አቁሞ መርጋት ከሚል አንድ ሐሳብ ይቀዳሉ፤ በመዝገቡ ላይ አንድ መነሻ ቃል፣ ከሥሩም ቁጥር የተሰጣቸው ሦስት ፍቺዎች ይሆናሉ።

አሁን «ሳለ»ን እንይ። ሠዓሊው የናርጋ ሥላሴን ግድግዳ ሣለ፣ ዓሣ አጥማጁ ቢላውን ሳለ፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ሳለ። ማጣመሩ እዚህም አይሠራም፤ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። ያ ፈተና ፍቺዎቹ የተለያዩ መሆናቸውን ብቻ ይነግራል እንጂ ቃሉ አንድ ይሁን ሦስት አይነግርም። ለይቶ የሚነግረን ዝምድናቸው ነው። ከአንዱ ሥዕልና ሠዓሊ ይወጣሉ፣ ከሌላው ስል ቢላ፣ ከሦስተኛው ሳል። ቀለም መቀባትን፣ ማሾልንና ጉሮሮን የሚያገናኝ ሐሳብ ስለሌለ ሦስት መነሻ ቃላት ይጻፋሉ። «ሠ» እና «ሰ» ይለዩናል ብሎ መተማመን አይበጅም፤ ዛሬ አብዛኛው ጸሐፊ ያቀያይራቸዋል። በሐይቁ ዳር «ዋና ክልክል ነው» ሲባልና «ዋና መንገድ» ሲባል ደግሞ ፊደሉ አንድ ይሁን እንጂ አንዱ «ና» ይላላል፣ ሌላው ይጠብቃል። ድምፃቸውም አንድ ስላልሆነ ክርክር አያስፈልገውም።

የዓይነት ዝምድና ከዚህ ይቀላል። ዓሣ ሻጭ «ቆሮሶ አለኝ» ካለ ዓሣ አለው። «ቆሮሶ የለም» ካለ አምባዛ ሊኖረው ይችላል፤ «ዓሣ የለም» ካለ ግን ሁለቱም የሉም። አዎንታ ከዓይነቱ ወደ ወገኑ ይወጣል፣ አሉታ ከወገኑ ወደ ዓይነቱ ይወርዳል። «ክንፍ»ን ከ«ቆሮሶ» ጎን የሚደረድር ካለ «ክንፍ የዓሣ ዓይነት ነው» ብሎ ጮክ ብሎ ያንብበው። ክንፍ የዓሣ ክፍል እንጂ ዓይነት አይደለም።

ተቃራኒ የሚባሉትም አንድ ወጥ አይደሉም። «ውኃው ሙቅ አይደለም» ማለት የግድ ቀዝቃዛ ነው ማለት አይደለም፣ ለብ ያለ ሊሆን ይችላል። «ዓሣው በሕይወት የለም» ካልን ግን ሞቷል፤ መካከለኛ የለውም። መፈተኛው «በጣም» ነው፦ «በጣም ሙቅ» ያስኬዳል፣ «በጣም የሞተ» አያስኬድም። «አከራየ» እና «ተከራየ» ከሁለቱም ይለያሉ። አንዱ ጀልባ ካከራየ ሌላው መከራየቱ አይቀርም፤ ድርጊቱ አንድ ነው፣ የሚለየው ከየትኛው ወገን እንደታየ ነው። በመዝገቡ ላይ «ተቃራኒ፦ ተከራየ» ብሎ መተው ስለማይበቃ ሰጪውና ተቀባዩ ማን እንደሆነ በምሳሌ ይገለጽ።