የእናቴን ስልክ ቁጥር ከማስታወቂያ ሰሌዳ ያስነሣሁበት መንገድ

ባለፈው ክረምት፣ ደሴ በጉም በተሸፈነችበት አንድ ማለዳ፣ እናቴ ለድጋፍ በተመዘገበችበት ጽሕፈት ቤት ስሟ መውጣት አለመውጣቱን አይቼ እንድነግራት ላከችኝ። ዝርዝሩ በሩ አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ፣ ዝናብ እንዳያበሰብሰው በላስቲክ ተሸፍኖ ተለጥፏል። ስም ከነአያት፣ ዕድሜ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የቤት ቁጥር፣ የመታወቂያ ቁጥርና ስልክ ቁጥር በየዓምዱ ሰፍረዋል፤ በእናቴ ስም ትይዩ «ባሏ የሞተባት» ይላል። «ምርመራ» በሚለው የመጨረሻ ዓምድ ላይ ደግሞ የአንዳንድ ጎረቤቶቻችን ሕመም ሳይቀር ተጽፏል። ሰዉ ተራ በተራ ዝርዝሩን በስልኩ ያነሣ ነበር፤ እኔም አነሣሁ። ከሰዓት በኋላ ፎቶው በቴሌግራም ይዘዋወር ጀመር።

ከአምስት ቀን በኋላ አንድ ሰው ለእናቴ ደወለ። በሙሉ ስሟ ጠርቶ፣ አንቱ እያለ፣ የድጋፉ ገንዘብ እንዲገባላት በመልእክት የሚደርሳትን ቁጥር እንድትነግረው ጠየቃት። ነገረችው፤ በሒሳቧ የነበረው 2,300 ብር ወጣ። ለምን እንዳመነችው ስጠይቃት፣ «ቤት ውስጥ ስንት እንደሆንን ካወቀ፣ ከመንግሥት እንጂ ከየት ይሆናል ብዬ ነው» አለችኝ። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ባሏ የሞተባት የሚለውንም ሁሉም አየው?» ስትል ጠየቀችኝ።

በመጀመሪያ ያደረግሁት ሒሳቧን በባንኩ ማሳገድና ለፖሊስ ማመልከት ነበር። ወደ ጽሕፈት ቤቱ ግን በንዴት ሄጄ በቃል ብቻ በመከራከሬ አንድ ሳምንት አባከንሁ። ያነጋገረኝ ሠራተኛ «ካልለጠፍነው አድልዎ አለ ትሉናላችሁ» አለኝ። ይህ ቃሉ እስከ ቤት ድረስ አብሮኝ ሄደ፤ ምክንያቱም እውነት አለው። ከ2014 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ እርዳታ ለማን ደረሰ፣ ማንስ ተዘለለ የሚለው ጥያቄ በእኛ ሰፈር ቡና በተፈላ ቁጥር ይነሣ ነበር። ስለዚህ ዝርዝሩ ይነሣ ከማለት ይልቅ፣ ከዝርዝሩ ውስጥ ምን ይነሣ የሚለውን መጠየቅ እንዳለብኝ ተረዳሁ።

ሕጉን ሳነብ ሁለቱም ወገን መቆሚያ እንዳለው አየሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዝዛል፤ በአንቀጽ 26 ደግሞ የግል ሕይወትን የመከበር መብት ያረጋግጣል። መረጃ የማግኘት መብትን የደነገገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ራሱ የሌላ ሰው የግል መረጃ የሚጠበቅበትን ሁኔታ ያስቀምጣል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማና በሚያስፈልገው መጠን ብቻ እንዲሠራበት ይጠይቃል፤ የጤና መረጃንም የበለጠ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድባል። የመቆጣጠሩ ሥልጣን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ማመልከቻዬ አንድ ገጽ ነበር። መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጌ በእጄ በቀረው ቅጂ ላይ ቀንና ማኅተም አስመታሁበት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉዳዩን አላየነውም የሚለኝ ሰው አልነበረም። ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን አባሪ አድርጌ ያቀረብሁት የናሙና ዝርዝር ነው። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ስልክ ቁጥሩ የተጻፈው ሞክሼዎችን ለመለየት እንደሆነ ነገሩኝ፤ ሰይድ፣ አሊና መሐመድ በሚበዙበት አገራችን እስከ አያት ድረስ አንድ ዓይነት ስም መኖሩ የታወቀ ነው። እኔም፣ «ጋሼ፣ ሲመዘገቡ የተሰጣቸው ወረቀት ላይ ቁጥር አለ፤ ስምና እሱ ቁጥር ብቻ ቢወጣ ሰዉ ራሱን አያጣም፤ ጎረቤቱም ማን እንደተካተተ ያያል» አልኋቸው። ናሙናውን ደጋግመው አዩትና የኮምፒውተር ሠራተኛዋን አስጠሩ።

ዋናው ትምህርት የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሠራተኛዋ በቅንነት የስልኩንና የመታወቂያውን ዓምድ በኤክሴል ደበቀችና ፋይሉን ለየቀጠናው ተወካዮች በቴሌግራም ላከችው። አንዱ ተወካይ ሲያሳየኝ የዓምዶቹ መለያ ፊደላት ከC ወደ F እንደመዝለል ያለ ክፍተት ነበራቸው፤ «የተደበቀውን መልስ» የሚለውን ትእዛዝ ስነካ ሁሉም ቁጥር ተመልሶ ወጣ። በሰሌዳው ላይ የነበረውን ወረቀት ደግሞ በጥቁር ማርከር አጥፍተውት ነበር፤ ወደ ብርሃን ከፍ ሲያደርጉት ቁጥሮቹ ከጀርባ ይነበባሉ። ስለዚህ የሚያስፈልጉትን ሁለት ዓምዶች ብቻ ወደ አዲስ ፋይል ገልብጠን በፒዲኤፍ አስቀመጥነው፤ በማርከር የሚጠፋ ወረቀት ሲኖርም የሚለጠፈው ዋናው ሳይሆን ፎቶ ኮፒው እንዲሆን ተስማማን።

በቴሌግራም የወጣውን ግን መመለስ አልተቻለም። የቡድኑን አስተዳዳሪ ጠይቄ ከዚያ ቢያነሣውም፣ ቀድመው ወደየስልካቸው ያወረዱት ሰዎች ዘንድ አሁንም አለ፤ በእኔም ስልክ ውስጥ የጎረቤቶቼ ሕመም የተጻፈበት ፎቶ ነበርና አጠፋሁት። ገንዘቡም አልተመለሰም። ከሰሌዳው የተነሣውን ወረቀት ስጠይቅ፣ ኮሪደር ላይ ለሱቅ መጠቅለያ ከሚሸጥ አሮጌ ወረቀት ጋር በካርቶን ተቀምጦ አገኘሁት፤ ኃላፊው እዚያው እያየሁ አስቀደዱት።

የሁለተኛው ዙር ዝርዝር በወጣ ጊዜ እናቴ የምዝገባ ወረቀቷን ይዛ አብራኝ መጣች። ፊደል ስለማታነብ ስሟን በጣቴ አሳየኋት። የጠየቀችኝ ስለ ስልኩ አልነበረም፤ «ያኛውስ ተጽፏል?» አለችኝ። አለመጻፉን ነገርኋት፤ ወረቀቷን በመቀነቷ ቋጥራ መንገድ ጀመረች።