ሞተሬ ባህር ማዶ

ቪዛ የተከለከልኩት ሞተሬን ሳጥን ውስጥ አስገብቼ የመጨረሻውን ቡሎን ካጠበቅኩ በኋላ ነው። ሰፈር ውስጥ ታሪኩ የሚወራው ከዚህ ጀምሮ ስለሆነ እኔም ከዚሁ ልጀምር።

የምኖረው ፒያሳ ነው፣ ከጊዮርጊስ ትንሽ ወረድ ብሎ። በ2016 ዓ.ም. ዙሪያችን ሲፈርስ የእኛ ግቢ ተርፋለች። ሥራዬ ማተሚያ ቤት ወረቀት መቁረጥ ነው። ሞተሬ ያማሃ ኤጂ 200 ናት። ገጠር ውስጥ የግብርና ባለሙያ ሲነዳት ያየ ሰው ያውቃታል። በግራም በቀኝም መቆሚያ አላት፣ ካቴናዋ ተሸፍኗል፣ ከኋላ በግ የሚያስጭን ብረት አላት። ቁንጅና የሚባል ነገር ግን አልፈጠረባትም። የገዛኋት ከጨረታ ነው። በ2011 ዓ.ም. ያለ ፈቃድ ከተማ ውስጥ ሞተር መንዳት ሲከለከል ሸራ ለብሳ ግቢ ውስጥ ከረመች። ሩቅ አገር ይዣት የመሄድ ምኞት ያደረብኝ ያን ክረምት ነው።

የአክስቴ ልጅ አውሮፓ ይኖራል። የትኛው አገር እንደሆነ አልናገርም፤ ኤምባሲው ይቀየመኛል። አንድ ቀን በስልክ «ሞተርህን ይዘህ ና፣ ተራራ ለተራራ እንዞራለን» አለኝ። ቀልዱን ነበር። እኔ ግን ሜትር አወጣሁ።

ሞተር በአውሮፕላን ሲላክ የሚከፈለው በኪሎ ይመስላችኋል። እኔም መስሎኝ ነበር። የሳጥኑን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲሜትር ታባዛላችሁ፣ ለ6000 ታካፍላላችሁ። የሚወጣው ቁጥር ሚዛን ላይ ከሚታየው ኪሎ ከበለጠ የምትከፍሉት በእሱ ነው። የኔዋ 120 ኪሎ ገደማ ናት። እንዳለች፣ ከነመሪዋ ከነስፖኪዮዋ የሚበቃት ሳጥን 225 በ100 በ125 ሆነ። ሲሰላ 469 ኪሎ። አራት ሞተር ለመሙላት የጎደለው 11 ኪሎ ብቻ ነው። አየር ጭኜ የአየር ልከፍል ነው ማለት ነው!

ወረቀት ቆራጭ ደግሞ ትርፍ አይወድም። የፊት ጎማዋን ፈታሁ። መሪዋን ፈትቼ ከጎኗ አስተኛሁት። ስፖኪዮው፣ የበግ መጫኛው ብረት፣ ሁሉም ወረደ። የፊት ሾኳን ተጭኜ በጠፍር አሰርኩት። እንደገና ለካሁ፤ 190 በ65 በ105። 216 ኪሎ! ከግማሽ በታች ወረደ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ቀጥሎ የእንጨት ጣጣ መጣ። ጣውላ ልገዛ ስል ትራንዚተሩ አስቆመኝ። ዕቃ የታሸገበት ጥሬ እንጨት ድንበር እንዲያልፍ እስከ ውስጡ በ56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ መሞቅ አለበት። ከዚያም የስንዴ ዛላ የመሰለ ምልክት ያለው ማኅተም ይመታበታል። ነቀዝና ትል ከአገር አገር እንዳይሻገር ነው። ኮምፔርሳቶ ግን ሲሠራ በሙጫና በሙቀት ስላለፈ ይሄ አይመለከተውም። ብረትም እንደዚያው። ስለዚህ አጥንቱን በቱቦላሬ አስበይጄ ግድግዳውን በኮምፔርሳቶ ዘጋሁት። ብረት ይከብዳል እንዳትሉኝ። ሞተሯና ሳጥኑ አንድ ላይ 216 እስካልደረሱ ድረስ ክብደቱ ለሒሳቡ ምንም አይጨምርም።

የብየዳ ቤቱ ሽማግሌ እየበየዱ ይጨቀጭቁኛል።

«አንተ ልጅ፣ ዝም ብለህ እዚያ ብትከራይ አይሻልህም?»

«ጋሼ፣ በተዋሱት ጫማ ሰርግ ሄደው ያውቃሉ?»

«በገዛ ሰርጌ» አሉኝ። ክርክሩ እዚያ ላይ አበቃ።

እውነቱን ለመናገር እሳቸው ትክክል ናቸው። መከራየት ይረክሳል፣ ይቀላል። እኔ ግን የኔዋን አመሏን አውቀዋለሁ። ጠዋት በብርድ ሳትጮህ የምትነሳው እንዴት እንደሆነ፣ ሦስተኛ ማርሽ ላይ የሚያንቀጠቅጣት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ያን አመል የውጭ አገር ተራራ ላይ ልሰማው ፈለግሁ። ምክንያት ከተባለ ይኸው ነው።

ነዳጅ ከሰልባትዮው መፍሰስ አለበት፣ የባትሪው ገመድ ተነቅሎ ጫፉ ይሸፈናል። ሞተር በአየር ጭነት ሕግ አደገኛ ዕቃ ነው፣ 9ኛ ምድብ። እማዬ ወረቀቱ ላይ «አደገኛ» የሚለውን አይታ «ድሮም ብዬሃለሁ» አለችኝ።

ጉምሩክን በተመለከተ የፈራሁት የነሱን ነበር። የነሱ ቀላል ነው። ጎብኚ የራሱን ሞተር ይዞ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሲገባ ለ6 ወር ቀረጥ ሳይከፍል መንዳት ይችላል። የሚያስጨንቀው የዚህኛው ወገን ነው። በጊዜያዊነት መውጣቷ በሻንሲ ቁጥሯ ካልተመዘገበ ስትመለስ እንደ እንግዳ ዕቃ ነው የምትታየው። ስለዚህ ተመልሳ እንደምትመጣ ፈረምኩ። አንድ ቦታ አይደለም፣ ሦስት ቦታ።

ፓስፖርቴ ማክሰኞ ቀን ከአንድ ቅጠል ወረቀት ጋር ተመለሰ። ጉዞዬን ስጨርስ ተመልሼ ስለመምጣቴ እንደሚጠራጠሩ ይገልጻል። ሞተሯ እንደምትመለስ በፊርማዬ ያረጋገጥኩት ሰውዬ እኔ መሆኔ ነው! ለሷ ሁሉም ነገር ተሟልቷል፣ ሳጥን፣ ወረቀት፣ ቦታ። እኔ ነኝ የቀረሁት። ሳምንት ሙሉ ግቢ ውስጥ እያለፍኩ እያገደምኩ ሳጥኑን በእግሬ ጠለዝኩት። ስሕተቱም የኔ ነው። መጀመሪያ ቪዛ፣ ከዚያ ብየዳ ነበር መሆን የነበረበት።

በኋላ ሳጥኑን ከፈትኩ። የፊት ጎማዋን መለስኩላትና ወደ ደቡብ ሄድን።

ለኬንያ ያወጣሁት ዋናው ወረቀት የኮሜሳ፣ ማለትም የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ፣ ቢጫ ካርድ ነው። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሳችሁ በአባል አገሮች ውስጥ እንዲሠራ ያደርገዋል። ለእህቴ «ቢጫ ካርድ አወጣሁ» ስላት ኳስ ተጫውቼ የጠለፍኩ መስሏታል። የቢጫ ወባ ክትባቱ ደብተርም ቢጫ ስለሆነ ሁለቱን እንዳታቀያይሩ፤ እኔ ሞያሌ ላይ አቀያይሬ ተስቆብኛል።

እስከ ሞያሌ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐዋሳ፣ ዲላ፣ ያቤሎ፣ ሜጋ። ድንበሩ ግማሽ ቀን በላ። ከዚያ ወዲያ በግራ ነው የሚነዳው። ቀጥ ባለው መንገድ ምንም አይደለም፤ አደባባይ ላይ ግን እጅም ጭንቅላትም ይምታታል። ከማርሳቢት በፊት ዲዳ ገልገሉ የሚባል ሜዳ አለ። ዛፍ የለም፣ አስፋልቱ ጥሩ ነው፣ ነፋሱ ግን ከጎን ይገፋል። 120 ኪሎ ሞተር ላይ ተዘምሜ ነዳሁ፣ ሰክሬ ወደ ቤት የምገባ ነው የምመስለው። ናይሮቢን በአንድ ሌሊት አለፍኳት። ሞምባሳ መንገድ ላይ ከከባድ መኪና ጋር ስጋፋ ስለዋልኩ ያየሁት ነገር ቢኖር ጭስ ነው።

ሞምባሳ ደሴት ናት። ወደ ደቡቡ ዳርቻ በሊኮኒ በኩል በጀልባ ነው የሚሻገሩት፣ መኪናውም፣ ባለ ጋሪውም፣ ሰዉም አንድ ላይ። ውሃው ግማሽ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሞተሬን አቁሜ፣ በሁለቱም መቆሚያ ላይ ማስደገፍ ስለማይቻል በእጄ ደግፌ ተሻገርኩ። አጠገቤ የቆመ ሰውዬ ታርጋዋን አይቶ ፊደሉን በጣቱ ነካ ነካ አደረገው።

ማዶ ወርጄ ሞተሩን ከማስነሳቴ በፊት ደወልኩ።

«እማዬ፣ ሞተሬ ባህር ተሻገረች።»

«እሰይ! ቪዛውን ሰጡህ እንዴ?»

«አይ፣ ሌላ ባህር ነው።»

ትንሽ ዝም አለችና «እንግዲያው ሳጥኑን ከሰል ልጨምርበት» አለችኝ።