ፋኑን ያጠፋንበት ሌሊት

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሌሊት 11 ሰዓት ገደማ በርዶኝ ነቃሁ። በርዶኝ! ድሬዳዋ የኖረ ሰው ይቺን ቃል ስንት ወር እንደምንናፍቃት ያውቃል። ከመጋቢት ጀምሮ ቀንም ሌሊትም ሲሽከረከር የከረመውን ፋን ተነስቼ አጠፋሁት፣ ቤቱ ባንዴ ጸጥ አለ። ያ ሁሉ ወር ጆሯችን ስር ሲያጉረመርም የነበረ ነገር ሲቆም መጀመሪያ የሰማሁት የባሌን ትንፋሽ ነው፣ ትንሽ ቆይቶ ከመጋላ ሰፈር በኩል አዛን፣ ከዛ የሆነ ዶሮ፣ ከዛ ደግሞ የቤተክርስቲያን ድምጽ። ጋቢውን ከሳጥን አውጥቼ ሁለታችንም ላይ ጣል አደረግኩና ቀዝቃዛ እግሬን እሱ እግር ላይ ለጠፍኩት፣ ሳይነቃ ወደራሱ ሳበኝ።

ይሄ ቀላል ነገር ይመስላል አይደል። ግን ድሬ ላይ ሙቀት ባልና ሚስት ይለያያል፣ እውነቴን ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ እሱ ግቢ ፍራሽ አንጥፎ ይተኛል፣ እኔ ሲሚንቶው ላይ ውሃ ረጭቼ ሳሎን እተኛለሁ፣ እጁ ክንዴን ከነካኝ "አቦ ተው ይሞቃል" ነው የምለው። ወሬያችን ራሱ ያጥራል፣ ምግብ አይበላ፣ ሁሉም ሰው በትንሽ ነገር ይነጫነጫል። ከዛ ክረምቱ ይመጣና ደግሞ የጎርፍ ስጋት አለ፣ በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ከወሰደ ወዲህ ወንዙ ዳር የሚኖር ሰው ተራራው ላይ ደመና ሲጠቁር ካየ እንቅልፍ የለውም። ጥቅምት ሲገባ ነው ሁሉም የሚተነፍሰው። ደቻቱ ተመልሶ አሸዋ ይሆናል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ማታ ማታ ወደ 15 ዲግሪ ሲወርድ ሰው ሹራብ ፍለጋ ታይዋን ገበያ ይገባል። መጽሐፍ ላይ ይሄን ወቅት መፀው ይሉታል፣ ከመስከረም 26 እስከ ታህሳስ 25፣ የአበባና የመኸር ጊዜ። እኛ ሰፈር ግን መፀው ሲል የሰማሁት ሰው የለም፣ "ብርዱ ገባ" ነው በቃ።

ያገባነው ጥቅምት ላይ ነው። ዘንድሮ 11 ዓመት ሞላን። ልጅ የለንም፣ አልሰጠን ብሎ አይደለም፣ ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ዞረን አይደለም፣ ስላልፈለግን ነው። ይሄን እንዲህ በጽሁፍ ሳስቀምጠው የመጀመሪያዬ ነው፣ እጄ ትንሽ ከበደኝ ግን ልጽፈው ነው።

ሳንጋባ በፊት ነው የነገርኩት፣ ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ስር ቁጭ ብለን ስፕሪስ እየጠጣን። እኔ ለሰባት ልጆች የመጀመሪያ ነኝ፣ አባቴ ምድር ባቡር ይሰራ ነበር፣ እናቴ ገበያ ትውላለች፣ ስለዚህ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ጀርባዬ ላይ ልጅ አዝዬ ነው ቡና የምወቅጠው። ሰው ይሄን ሲሰማ "አሃ ለዛ ነው የጠላሽው" ይላል፣ እኔ ግን አልጠላሁም፣ ወንድሞቼንና እህቶቼን በጣም ነው የምወዳቸው፣ ልጅ ማሳደግ ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ከብዙ እናት የሆኑ ጓደኞቼ ቀድሜ ነው ያወቅኩት። አውቄው ነው አልፈልግም ያልኩት። ቁስል ፈልጋችሁ ባትቆፍሩ ደስ ይለኛል፣ ሁሉም አልፈልግም ከስሩ ቁስል የለውም። እሱ ዝም ብሎ ሰማኝና ለሶስት ቀን ጠፋ። በአራተኛው ቀን መጣና "ከተጸጸትንስ?" አለኝ። "ከተጸጸትን አብረን እንጸጸታለን" አልኩት። "እሺ" አለ። ከዛ በኋላ በየዓመቱ ጥቅምት ሲመጣ እንጠያየቃለን፣ "አሁንስ?" ይለኛል፣ "አሁንስ?" እለዋለሁ፣ አንዳንዴ መልሱ ቶሎ ይመጣል አንዳንዴ ደግሞ ረዘም ያለ ወሬ ነው፣ ግን እስካሁን ሁለታችንም እዛው ነን።

አማርኛ ለኔ ቃል የለውም። መካን የሚል አለ፣ እኔ ግን መካን ልሁን አልሁን አላውቀውም፣ ሞክሬ አላውቅማ። "ያልወለደች" ይባላል፣ እሱ ደግሞ ገና የሚቀራት ነገር አለ ማለት ነው። "አልወለድኩም" ስል ሰው ሁሉ ፊቱ ይራራል፣ አይዞሽ እሱ ያውቃል፣ ጸበል ሞክሪ፣ እንትን ሐኪም ጋ ሂጂ ምናምን። "አልወልድም" ስል ደግሞ "ተይ እንዲህ አይባልም ፈጣሪ ይሰማል" ይሉኛል። ሁለቱ ቃላት መሀል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው፣ አንዷ ላይ ሁሉም ያቅፈኛል ሌላዋ ላይ ሁሉም ይሸሸኛል። እና ለዓመታት እቅፉን መርጬ ኖሬያለሁ፣ አሁን ሳስበው ይሄ ነው የሚቆጨኝ፣ ያልሆነ ሀዘን ተቀብዬ አይዞሽ ሲሉኝ አመሰግናለሁ ማለቴ፣ በእውነት ልጅ ፈልገው ያጡ ሴቶች ባሉበት ከተማ።

ስም ራሱ። የሰፈራችን ሴቶች የአቤል እናት፣ የሀያት እናት እየተባሉ ነው የሚጠሩት፣ ስማቸውን የማላውቀው አለ። እኔ ግን እስከዛሬ በስሜ ነው የምጠራው። ደስ የሚልም ቅር የሚልም ነገር አለው።

የምሰራው ፋርማሲ ነው። ስንት ሴት ድምጿን ዝቅ አድርጋ መርፌውን፣ ክኒኑን እንደምትጠይቀኝ እኔ ነኝ የማውቀው፣ ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን ወይ ማህጸን ውስጥ የሚገባውን ሉፕ የምትፈልገውን ጤና ጣቢያ ሂጂ በነጻ ነው እላታለሁ። እኔ ራሴ ሉፕ ነው ያስገባሁት፣ እስከ 12 ዓመት ይቆያል። በ2008 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት ሴት በአማካይ 4.6 ልጅ ትወልዳለች ሲል አዲስ አበባ ላይ 1.8 ነበር፣ እና ማንም የአዲስ አበባን ሴት መካን ነሽ አላላትም። ቆጥራ ነው የወለደችው። "ሁለት ይበቃኛል" ያለችዋ ሴት ብልህ ተብላ ከተከበረች፣ "ዜሮ ይበቃኛል" ያልኩት እኔ ምን የተለየ ነገር አደረግኩ? ይሄን ጥያቄ ለብዙ ሰው አንስቻለሁ፣ የሚመለስልኝ ዝምታ ነው ወይ "እሱማ ሌላ ነው"።

ለባሌ ደግሞ የሚመጣው ሌላ ዓይነት ነው። በርጫ ላይ አብረውት የሚቀመጡት ልጆች "ከውጭ ውለድና አሳድግ፣ እሷ ምን ታውቃለች" ብለውታል፣ ይሄን የነገረኝ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ትራንዚተር ነው፣ ሲፈልግ ሳምንት ሙሉ ጅቡቲ ይከርማል፣ ቢያደርገው ላላውቅ እችላለሁ። ያን ማታ የተናገረበት ድምጽ ግን እስካሁን ውስጤ አለ። ተናዶ አልነበረም፣ አፍሮ ነበር፣ በነሱ ቦታ ሆኖ ያፈረ ነው የሚመስለው።

እስቲ ወደ ብርዱ ልመለስ፣ ስለ ደስታ ልጽፍ ነበር የጀመርኩት።

ጥቅምትና ህዳር ላይ እሁድ እሁድ ሐረር እንወጣለን። በሚኒባስ ነው፣ ደንገጎ ላይ መኪናው እየተጠማዘዘ ሲወጣ መስኮቱን ከፍተህ አየሩ እየቀጠነ ሲመጣ ፊትህ ላይ ይሰማሃል፣ ድሬ ከባህር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች፣ በአንድ ሰዓት መንገድ ሌላ አገር ነው። መንገድ ዳር ማሽላው ቀልቷል፣ ሴቶች ጥንቅሽ አስረው ይሸጣሉ፣ አንድ እስር ገዝተን ሐረር እስክንደርስ እንመጠምጣለን። የሀረማያ ሐይቅ ደርቆ ሳር የበላበት ጊዜ ነበር፣ ተመልሶ ውሃ ይዞ ሳየው ሁሌ ባሌን በክርኔ ነካ አደርገዋለሁ፣ እሱ ደግሞ ሁሌ "አየሁት" ይላል። ሐረር ስንደርስ ሆጃ፣ ትኩስ፣ ወተት የበዛበት። ከዛ ጁገል ውስጥ ዝም ብሎ መዞር፣ በሸዋ በር ገብተን በኤረር በር ወጥተን፣ ጠባቧ መንገድ ላይ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ስለማታሳልፍ እሱ ከፊት እኔ ከኋላ። ሐልዋ እንገዛለን፣ የባቢሌ ኦቾሎኒ እንገዛለን፣ ገና ከመሬት የወጣ፣ አፈሩ ያልለቀቀው። አመሻሽ ላይ ከቸኮልን እንመለሳለን ካልቸኮልን የጅቦቹን ራት አይተን እናድራለን።

አምና ሐረር መኪና ግርግር ቀሚስ ላሰፋ ሄጄ፣ ያው ልብስ ሰፊዎቹ የተደረደሩበት መንገድ ነው፣ ስሙም ከስፌት መኪናው ጫጫታ የመጣ፣ ሰውየው ሲለካኝ "ለልጆቹስ አንድ አንድ አናወጣም? ጨርቁ ይተርፋል" አለኝ። ባሌ ከኔ ቀድሞ "ልጅ የለንም፣ ትራስ ልብስ አውጣልን" አለው። በቃ። ሰውየው "እሺ" ብሎ ለካ። የባሌ ድምጽ ውስጥ ምንም ሀዘን አልነበረም፣ ምንም ማብራሪያም አልነበረም፣ እኔ ያን ሁሉ ዓመት እንደዛ ቀለል አድርጌ ተናግሬው አላውቅም ነበር። ትራስ ልብሶቹ አሁን አልጋችን ላይ ናቸው።

ሰርጋችን ላይ ሽማግሌዎቹ "ውለዱ ክበዱ" ብለው ሲመርቁን አሜን ብለናል። ያ አሜን ለብዙ ጊዜ ሲከነክነኝ ነበር፣ ውሸት ነበር ወይ እያልኩ። አሁን ግን ምርቃቱ ሁለት ቃል መሆኑን ነው የማስበው። መክበድ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። እሱ ጅቡቲ ሲሄድ ቤቱ ይቀለኛል፣ ባዶ ይሆንና ይቀላል፣ ሲመጣ ይከብዳል። አባቴ ሲታመም ስድስት ወር እኛ ጋ ነበር፣ ባሌ ነው ያጥበው የነበረው። የታናሽ እህቴ ሁለት ልጆች ክረምት ክረምት እኛ ጋ ናቸው፣ ሲሄዱ አለቅሳለሁ፣ ከዛ ፍራሻቸውን አጣጥፌ በሩን ዘግቼ ስቀመጥ ደስ ይለኛል፣ ሁለቱም እውነት ነው። የጎረቤት አራስ ልጠይቅ ስሄድ ህፃኑን ጭኔ ላይ ያስቀምጡልኛል፣ "ያዢው ይጋባብሻል" እያሉ። እይዘዋለሁ፣ አናቱን አሸተዋለሁ፣ ከገንፎው እቀምሳለሁ፣ ለእናቱ እመልሳለሁ።

ጧሪ ቀባሪስ? እፈራለሁ፣ አልዋሽም። እድር አለኝ፣ ጡረታ ይቆረጥልኛል፣ ግን ከሁለታችን አንዱ ቀድሞ ሲሄድ የሚተርፈው ማታ ማታ ለማን "በረደ አይደል" እንደሚል አላውቅም። ስምንት ወልደው ሁሉም ባህር ማዶ የሆኑባቸው አሮጊት ጎረቤት አሉኝ ብዬ ልከራከር እችላለሁ፣ አሉኝም፣ ግን የሳቸውን ብቸኝነት ለክርክር ማሸነፊያ ማድረግ አልፈልግም። ፍርሃቱ የኔ ነው፣ ይዤው እኖራለሁ፣ ለፍርሃት ብዬ ሰው መውለድ ግን ለዛ ልጅ ይከብደዋል ብዬ አስባለሁ።

የቀረችው አማቴ ነበረች። አማቴን አንቺ ነው የምላት፣ ድሬ አንቱታ ብዙም የለም፣ መጀመሪያ ሰሞን እርስዎ ስላት "እኔ የሰው አገር ሰው ነኝ እንዴ?" ብላኝ ስቃ ነበር። ቁልቢ ገብርኤልን ታህሳስ 19ም ሐምሌ 19ም አታጓድልም፣ ከአምስት ዓመት በፊት ደግሞ "የልጄን ሚስት ማህጸኗን ክፈትላት፣ ዣንጥላ አገባለሁ፣ ልጁንም እዛው አስጠምቃለሁ" ብላ ተሳለች። በኔ ስም። ሳትጠይቀኝ። ሰምቼ ዝም አልኩ፣ በየዓመቱ ከቁልቢ ስትመለስ እምነት ታመጣልኛለች፣ ግንባሬን ትቀባኛለች፣ ዓይኗ ሆዴ ላይ ነው፣ እኔ ዝም። ባሌ "እኔ ልንገራት" ብሎኛል፣ አይሆንም እኔ ነኝ የምነግራት እያልኩ አምስት ዓመት።

የዛን ፋን ያጠፋሁ ቀን ከሰዓት መጣች። ግቢ ውስጥ ቁጭ ብለን ኦቾሎኒ እየፈለፈልን ነበር፣ ጸሐዩ ደስ ይላል፣ የማያቃጥል ዓይነት። አላቀድኩትም፣ "እማ፣ እኛ እኮ እየጠበቅን አይደለም" አልኳት። "ምኑን?" አለች። "ልጅ። ስላጣን አይደለም። ሁለታችንም ስላልፈለግን ነው፣ ከመጀመሪያውም።" እጇ ላይ ያለውን ፈልፍላ ጨረሰች። ሌላ አንስታ ፈለፈለች። ሳህኑ ግማሽ እስኪሞላ አልተናገረችም፣ እኔ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ከዛ ቀና ብላ "ታዲያ አሁን ገብርኤልን ምን ልበለው?" አለችኝ።

ተቆጥታ ቢሆን መልስ ነበረኝ፣ ለአምስት ዓመት ስዘጋጅ ነበር። ይሄ ግን እውነተኛ ጥያቄ ነበር፣ ለአንድ ወዳጇ የገባችው ቃል አለ፣ እሱ ፊት ምን ይዛ ትቆማለች። "አላውቅም እማ" አልኳት። እንባ መጣብኝ። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች፣ ሻይም ሳትጠጣ ሄደች፣ ባሌ ማታ ሲደውልላት "ደክሞኛል ተኛ" ብላ ዘጋችው።

ዘጠኝ ቀን ድምጿን አልሰማንም። በአስረኛው እኔው ጋ ደወለች። "ልጄ፣ ስለቱን ቀይሬዋለሁ" አለችኝ። ወደ ምን ቀየርሽው ስላት "እሱ በኔና በመልአኩ መሀል ነው" አለች። ትንሽ ዝም ብላ "ታህሳስ ላይ አብረሽኝ ትሄጃለሽ፣ ባልሽም ይምጣ፣ ዣንጥላውን እሱ ይሸከመዋል። ቁልቢ ደግሞ ይበርዳል፣ የኔ ጋቢ ሳስቷል" ብላ ዘጋችው።

ሳጥኑ ውስጥ እናቴ የፈተለችው አንድ ያልተነካ አለ። ዛሬ ጠዋት አውጥቼ ግቢ ገመዱ ላይ ጸሐይ እንዲመታው ሰቅየዋለሁ።